ክብ፣ ክንፋም፣ ሳጥናም ወይስ የሥራ መኪና? በጅማ አሮጌ መኪና በመልኩ ለሚመርጡ

የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሶቹ መኪኖች ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ስምምነት የለም። ቮልስ ያለው ሰው ላዳን ከመኪና አይቆጥራትም። የፔጆ 404 ባለቤት ቮልስን የልጅ መጫወቻ ይላታል። ላንድሮቨር የሚነዳው ደግሞ ሁለቱንም ከጭቃ ሲጎትት እንደኖረ ያወራል፤ ግማሹ እውነት ነው። በጅማው ፈረንጅ አራዳ አንድ አሮጌ መኪና ባለፈ ቁጥር ይህ ክርክር እንደ አዲስ ይነሣል።

ለገዢ ግን ነገሩ ከወሬ ያለፈ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው መምረጥ የሚችለው አገር ውስጥ ካለው ብቻ ነው። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ በመልኩ የማረከን መኪና ሁሉ ከመግዛት በፊት፣ ያ መልክ ጅማ ላይ ተጠብቆ መኖር ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ብዙ ጊዜ ምክር የሚጀምረው ከሞተር ነው። እኔ ሞተሩን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይተካል። መልክ የሚሠራው ግን ከትንንሽ ነገሮች ነው፤ ከኋላ መብራት ሽፋን፣ ከበር እጀታ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ከሚሮጠው ቀጭን ኒኬል፣ ከፊት ምልክቱ። እነዚህ አንዴ ከጠፉ ሻጩ የሚሰጥዎ መልስ የታወቀ ነው፦ «አዲስ አበባ ሞልቷል»። ዕቃው እጅዎ እስኪገባ ድረስ ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የጣዕም ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፤ መኪኖቹን የምመዝነውም በዚሁ ዓይን ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ላሜራው ነው። የተመታ ወይም የበሰበሰ አካል በከተማው ባለ ባትላሜራ ሠራተኛ እጅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል ወይ? ክብ ነገር አንድ ዓይነት እጅ ይፈልጋል፣ ዝርግ ነገር ሌላ ዓይነት፣ አሉሚኒየም ደግሞ ጨርሶ ሌላ።

ሁለተኛው ጌጡና መስታወቱ ነው። ክብ የሆነና በመኪኖች ሁሉ ዘንድ የተለመደው ሰባት ኢንች የፊት መብራት ያለው መኪና ሲሰበርበት ከሌላ መኪና ይበደራል። ለራሱ ብቻ የተቀረጸ መብራት ያለው ግን አቻውን ፍለጋ ይወጣል። ዝርግ የፊት መስታወትና የታጠፈ የፊት መስታወትም እንደዚሁ ናቸው።

ሦስተኛው ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም በልግ አለ። እዚህ አገር መኪናን የሚበላው የባሕር ጨው አይደለም፤ ሳይደርቅ የሚከርም ምንጣፍ፣ ፓራፋንጎ ውስጥ ተለጥፎ የሚቀር ቀይ ጭቃና ውኃ የሚያስገባ የመስታወት ጎማ ነው።

አራተኛው መመዘኛ ከጣዕም ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው። መልኩ እርጅናን ይሸከማል ወይስ ያፍርበታል? አንዳንድ መኪና ተላልጦና ተጫጭሮ እንኳ ያምራል። ሌላው አንድ ኒኬል ሲጎድለው ጥርሱ የወለቀ ይመስላል።

ዋጋን በብር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ያረጃል። በምትኩ እያንዳንዱ መልክ ከተገዛ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አነጻጽራለሁ።

ክቡ መልክ፦ ቮልስና ፊያት 600

ቮልስን የማያውቅ የለም። በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈችው መኪና የመጨረሻዋ የወጣችው በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ላይ ላዩን ሲታይ ሁሉም አንድ ናቸው። ወዳጆቿ ግን እርስ በርሳቸው የሚጣሉት በትክክል እዚህ ላይ ነው።

የኋላ መስታወቷ እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል ቅርጽ፣ ቀጥሎ ሰፊ አራት ማዕዘን ሆነ። የፊት መብራቷ እስከ 1967 ወደ ኋላ ያዘመመና በመስታወት የተሸፈነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያዘመመውን የሚወድ ሰው የቆመውን «የደነገጠ ዓይን» ይለዋል። ፓራውልቷም ከቀጭንና ጉብ ጉብ ካለው ወደ ወፍራምና ደረቅ ተለወጠ። በ1970ዎቹ የመጣችው 1303 ደግሞ የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለ፣ የኋላ መብራቷ ትልቅ ክብ ነው፤ ጥብቅ ወዳጆች ፊታቸውን ያዞሩባታል። ጅማ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ጎበጥ ያለው የፊት መስታወት ቢሰበር ከየት ይመጣል? ከ1967 ወዲህ የመጣው ቀጥ ያለ መብራት በቀላሉ ይተካል፤ ያዘመመው አይተካም። ዓይኔ ያዘመመውን ይወዳል። ለሰው የምመክረው ግን ከ1968 እስከ 1970 ባለው ጊዜ የተሠራችውን ተራዋን ቮልስ ነው፤ መብራቷ የተለመደ ነው፣ መስታወቷም እምብዛም አይጎብጥም።

የቮልስ ትልቁ በጎ ነገር አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የተያዙ መሆናቸው ነው። ባጃጅ ቢገጫት ፓራፋንጎው ተፈትቶ ይወርዳል፣ መሬት ላይ ተደርጎ ይመታል፣ ይመለሳል። በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ቀጭን የጎማ ጥለት አለ። ሲገዙ ጎንበስ ብለው ይህን ጥለት ይመልከቱ። በመኪናው ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ቀለም ቀቢው ፓራፋንጎውን ሳይፈታ ላዩን አልብሷል ማለት ነው፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። ከዚያ የኋላውን ወንበር ያንሡ። ባትሪው የተቀመጠው እዚያ ነው፤ ከሥሩ ያለው ወለል በአሲድና በርጥበት ቀድሞ የሚበሳው ቦታ ነው። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ሾልኮ ካለፈ ወለሉ በስብሷል። ሻጩ ቅር ካለው መልሱን አግኝተዋል።

ክብ ላሜራ ስቱኮን፣ ማለትም የተመታ ቦታ የሚሞላበትን ልስን፣ ይሸሽጋል። ጉብታ ላይ ሁለት ጣት የሚያክል ስቱኮ ቢለበጥ ዓይን አያየውም፤ መዳፍዎን በረጅሙ ሲያሳልፉበት ግን ይታወቃል። ማግኔት ይዘው መሄድም አይክፋዎ፤ ስቱኮ በወፈረበት ላይ አይይዝም።

መንገድ ላይስ? ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ካርቡራቶራም ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1200 ቮልስ ይህን ስታጣ የጊቤን ዳገት በትዕግሥት ትወጣለች እንጂ በኩራት አትወጣም። ውኃ ስለሌላት አትፈላም፤ የዲናሞው ቺንጋ ከተበጠሰ ግን የማቀዝቀዣው ማራገቢያም አብሮ ይቆማልና ቀዩ መብራት ሲበራ ወዲያውኑ መቆም ነው። መለዋወጫ ቺንጋ ሳይዙ ከከተማ አይውጡ።

ፊያት 600 የክቡ ቤተሰብ ታናሽ ናት፤ በ1955 የወጣች የዳንቴ ጃኮሳ ሥራ፣ ርዝመቷ 3.2 ሜትር ብቻ። እስከ 1964 የተሠሩት በሮቻቸው ከኋላ በኩል የታጠፉ ስለሆኑ ወደ ነፋሱ ይከፈታሉ። ዓይን ይማርካሉ፤ በመሄድ ላይ ከተከፈቱ ግን አደጋ ናቸው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በውኃ ይቀዘቅዛል። ጌጧ ትንሽ ነው፣ ግን ያ ትንሹ ከጠፋ ማግኘቱ ከቮልስ እጅግ ይከብዳል። ሙሉ ሆና ካገኟት ይግዟት፣ ጎዶሎ ከሆነች ይለፏት።

ክንፋሙ መልክ፦ ፔጆ 404ና የ1960ዎቹ ማርቸዲስ

ይህ የጨዋ ሰው መልክ ነው። ፔጆ 404 በ1960 ሲወጣ የተነደፈው በጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ቤት ነው። የኋላ ክንፉ እንደ አሜሪካኖቹ ሰማይ አይወጋም፤ ልኩን ያወቀ ነው። ማርሹ ከመሪው ሥር ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል፤ ስለዚህ ስስ የሚመስለው መልኩ አያታልልዎ። ጥንካሬውን የሚጠራጠር ሰው የዚያ ዘመን የኬንያን ጭቃ ያላየ ነው።

ችግሩ ኒኬሉ ነው። የ404 ውበት ግማሹ ብርሃን በሚመታው ጠርዝ ላይ አለ፤ ፍርግርጉ፣ ፓራውልቱ፣ የመስታወቱ ዙሪያ፣ የቸርኬው ክዳን። ኒኬል መንከር እንደ ባትላሜራ በየሠፈሩ የሚገኝ ሙያ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ፓራውልቱን በብርማ ቀለም ያስቀባዋል። ከሩቅ ያልፋል፣ ከቅርብ ግን የመቃብር አጥር ይመስላል። አንድ ባትላሜራ ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነት ገዢ ሲናገር የሰማሁት ልክ ነው፦ «ጋሼ፣ ላሜራውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ኒኬሉን ግን ሲገዙ ቆጥረው ይግዙ»። ቃል በቃል ይቁጠሩት። የጎደለውን በወረቀት ይጻፉና ከዋጋው ላይ ይነጋገሩበት።

የ404 የፊት መብራት ክብና የተለመደ መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ዝናብ የሚገባበት ደግሞ ከበሩ ሥር ያለው የጎን ጠርዝና የኋላ ሻንጣው ወለል ነው። አካሉና ሻንሲው አንድ ስለሆነ የጎን ጠርዙ ከበሰበሰ ነገሩ የመልክ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ መኪናውን የያዘው እሱ ነው።

በተመሳሳይ ዘመን የወጣው ባለ ክንፍ ማርቸዲስ የበለጠ ግርማ አለው፤ የጌጡም ቁጥር በዚያው ልክ ይበዛል። በትልልቆቹ ሞዴሎች ላይ ያሉት የቆሙ የፊት መብራቶች ከተለመደው ክብ መብራት የተለዩ ናቸው። አንዱ ቢሰበር ሌላ መኪና አያበድርዎትም። ገንዘብና ትዕግሥት ላለው እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ አይሆንም።

ሳጥናሙ መልክ፦ ፊያት 124፣ ላዳ፣ ፔጆ 504፣ ማርቸዲስ 123፣ የቶዮታዋ ዲኤክስ

እዚህ ላይ ጠብ አለ። ክቡን የሚወድ ሰው ይህን መልክ «በማስመሪያ የተሰመረ» ይለዋል፤ ነገሩም እውነት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የነዳፊዎች ዓይን ከጉብታ ወደ ቀጥታ መስመር ዞረ። የፊያት 124 መልክ ከዚህ ዘመን ንጹሕ ሥራዎች አንዱ ነው፤ የ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሏል። ሶቭየቶች ፈቃዱን ገዝተው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ውስጥ ላዳ አድርገው ሠሩት፤ ላሜራውን አወፈሩት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኑን በታምቡር ለወጡት፣ ሞተሩንም ቀየሩት።

ላዳ በአዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ስለኖረች ከጌጥ ተራ ወጥታለች፤ ብዙ ወዳጆች «ታክሲ ነው እንዴ የምነዳው?» ይላሉ። ይህ የማይረባ ኩራት ነው። ታክሲነቷን ከአእምሮዎ አውጥተው ክብ መብራት ያላትን የመጀመሪያዋን 2101 ይመልከቱ፤ ፊት ለፊት የጣሊያን መኪና ናት። ባለ አራት መብራቷ 2103 ደግሞ ዓይን ታስቆማለች። ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጡት 2105ና 2107 ግን ፕላስቲክና ባለ አራት ማዕዘን መብራት ስለበዛባቸው እኔም አልሟገትላቸውም። ለጠባብ በጀት ከክብ መብራቷ ላዳ የተሻለ የአሮጌ መኪና በር አላውቅም፤ መካኒኩ ያውቃታል፣ ዕቃዋ አለ፣ ላሜራዋም ወፍራም ነው።

ቀጥ ያለ ላሜራ ግን ውሸት አይደብቅም። ዝርግ በር አንዴ ከተመታ በኋላ ሞገድ ይይዛል። መኪናውን የመብራት ሽቦ ሥር አቁመው የሽቦውን ነጸብራቅ በበሩ ላይ ይከተሉ፤ ሽቦው ቀጥ ካለ በሩ ጤነኛ ነው፣ እባብ ከሠራ ተመትቷል። የላዳና የ124 የፊት ፓራፋንጎ በብየዳ የተያዘ መሆኑንም ያስታውሱ፤ እንደ ቮልስ ፈትቶ ማውረድ የለም።

ፔጆ 504 ከሁለት ዓለም ነው። የሻንጣ ክዳኑ መሐል ላይ ሰበር ብሎ ይወርዳል፤ ይህን መስመር ወይ ይወዱታል ወይ ይጠሉታል፣ መሐል የለም። እኔ እወደዋለሁ። የዘመመ ማዕዘን ያለው የፊት መብራቱ ግን የራሱ ብቻ ነውና ተሰንጥቆ እንደሆነ አስቀድመው ይዩ።

ማርቸዲስ 123 ከ1976 እስከ 1986 ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ከክንፋሙ ወንድሙ ይልቅ ዕቃው ይገኛል። የፊት ፓራፋንጎው በቡሎን ነው። 4.7 ሜትር ርዝመቱን በጅማ መርካቶ አካባቢ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ማዞር ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል።

ዲኤክስን «አሮጌ እንጂ ክላሲክ አይደለችም» የሚሉ አሉ። የሚሉት አባቶች ናቸው፣ የሚገዟት ልጆች። ዋጋዋን የሚወስነው ገዢው ስለሆነ ክርክሩን ልጆቹ እያሸነፉ ነው።

የሥራ መልክ፦ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር 40

እነዚህን ለውበት የነደፋቸው የለም ይባላል። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ በ1958 የወጣውን ሁለተኛውን የላንድሮቨር ትውልድ ወገቡን ጎበጥ ያደረገለት ዴቪድ ባሽ የሚባል ነዳፊ ነው። የወዳጆቹ ዋና ጠብ የፊት መብራቱ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ መብራቶቹ ፍርግርጉ አጠገብ ተጠጋግተው ነበር፣ ከዚያ ወደ ፓራፋንጎው ወጡ። የተጠጋጋ ዓይን ያለው ይበልጥ ይፈለጋል፤ መንገድ የሚያሳየው ግን የወጣው ነው።

ላሜራው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ በጅማ ዝናብ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ማግኔትዎ እዚህ አይሠራም፤ ስቱኮም ይኑር አይኑር አይይዝም። ብረት መምታት የለመደ እጅ አሉሚኒየምን ሲመታ ያሳሳዋል፣ ተራ ብየዳም አይቀበልም። ደግነቱ አብዛኛው ዝርግ ስለሆነ በሪቬት ሌላ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ልጥፉም አያሳፍርም፣ እንዲያውም ያምርበታል። ዝገቱ ያለው ከሥር ነው፤ ሻንሲውና ክሩስኮቱን የተሸከመው የብረት ግድግዳ ብረት ናቸው። ገብተው ተኝተው ይዩ። መስታወቶቹ ሁሉ ዝርግ ናቸውና ጅማ ላይ ይቆረጣሉ፤ ለፊት የሚገባው ግን ድርብ የመኪና መስታወት እንጂ የቤት መስኮት እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ላንድክሩዘር 40 ሞተሩ የበለጠ ጉልበታም፣ አካሉ ብረት ነው። የኋላ ማዕዘኖቹ ይዝጋሉ። ፊቱ ግን ሲስቅ የቆየ ሰው ፊት ነው፤ በዚህ ላይ ተቃዋሚ አልገጠመኝም።

| መልክ | ምሳሌ (ርዝመት) | ላሜራው | ጌጥና መስታወት | በጅማ ዝናብ | እርጅና ያምርበታል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ክብ | ቮልስ (4.1 ሜ) | ፓራፋንጎው ይፈታል፤ ስቱኮ ይደብቃል | ከ1967 ወዲህ ያለው ቀላል | ወለሉና ከባትሪው ሥር | አዎ |
| ክብ | ፊያት 600 (3.2 ሜ) | ትንሽ ሥራ | ጥቂት፣ ግን ብርቅ | የበሩ ሥር | በመጠኑ |
| ክንፋም | ፔጆ 404 (4.4 ሜ) | መካከለኛ | ኒኬሉ ውድ፤ መብራቱ ቀላል | የጎን ጠርዝ | የለም፣ ኒኬሉ ካልተሟላ |
| ክንፋም | የ1960ዎቹ ማርቸዲስ | ከባድ | ከሁሉ የከበደ | የጎን ጠርዝና ወለል | የለም |
| ሳጥናም | ፊያት 124ና ላዳ 2101 (4.0–4.1 ሜ) | ጉድለት ያጋልጣል፤ ብየዳ ነው | ቀላል | የጎን ጠርዝና ፓራፋንጎ | በመጠኑ |
| ሳጥናም | ፔጆ 504 (4.5 ሜ) | መካከለኛ | መብራቱ የራሱ ነው | ወለሉ | በመጠኑ |
| ሳጥናም | ማርቸዲስ 123 (4.7 ሜ) | ፓራፋንጎው ይፈታል | መካከለኛ | የመስታወት ዙሪያ | የለም |
| የሥራ | ላንድሮቨር አጭሩ (3.6 ሜ) | አሉሚኒየም፣ በሪቬት | እጅግ ቀላል | ላዩ ደህና፤ ሻንሲው አይደለም | ከሁሉ በላይ |
| የሥራ | ላንድክሩዘር 40 (3.8 ሜ) | ዝርግ ብረት | ቀላል | የኋላ ማዕዘን | አዎ |

ሁለተኛው ምርጫ፦ እንደ ተወለደ፣ እንዳለ፣ ወይስ እንደገና የተዋበ?

ቅርጹን ከመረጡ በኋላ ሌላ ጠብ ይጠብቅዎታል። አንዱ ወገን መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሁን ይላል። ሁለተኛው የኖረበት ይታይ፣ ቀለሙ ቢላጥም ይተው ይላል። ሦስተኛው ሰፊ ቸርኬ፣ ዝቅ ያለ ሞላ፣ አዲስ ቀለም ይፈልጋል። በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪኩ መሠረት የተጠበቀውንና የዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ነው። በዚህ ሚዛን በየቀኑ ሥራ የሚሄድ ሰው ቮልስ ከጨዋታ ውጭ ናት። እዚህ አገር እንደዚያ መቁጠር አይቻልም፤ ብዙዎቹ መኪኖች በሕይወት የቆዩት በየቀኑ ስለተነዱ ነው።

የእኔ ፍርድ እንደ ቅርጹ ይለያያል። ክንፋሙ እንደ ተወለደ ካልሆነ አያምርም። የሥራ መኪና እንዳለ ቢተው ይሻላል፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ላንድሮቨር ለሠርግ የተጋበዘ ገበሬ በተውሶ ኮት ይመስለኛል። ዲኤክስና ላዳ ማሻሻያን ይሸከማሉ። ቮልስ ሦስቱንም ትችላለች፤ ለዚህ ነው የቮልስ ሰዎች የማይስማሙት። የሚመለስ ለውጥና የማይመለስ ለውጥን ግን ይለዩ። ቸርኬ ቀይረው አሮጌውን ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ይመለሳል። ፓራፋንጎ ቆርጦ ማስፋት አይመለስም። ሞተርና ቀለም ሲቀየርም ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት፤ አለዚያ በዓመታዊው ምርመራና በቦሎ ጊዜ ራስ ምታት ነው።

ቀለምን በተመለከተ፦ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መኪኖች ላይ የዛሬው ብልጭልጭ ቀለም ያረፈበትን መልክ ያበላሻል። ያ ዘመን ጠጣር ቀለም ነው፤ ክሬም፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ የወይራ አረንጓዴ። ለጅማ ደግሞ ከወገቡ በታች ንጹሕ ነጭ አይምረጡ። ቀይ አፈራችን በአንድ ክረምት ወደ ቡና ቀለም ይለውጠዋል።

የእንጨት ነገርም አለ። ጅማ የበርጩማና የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ክሩስኮቱን በዋንዛ ማስለበስ ያምረዋል። እጁ ስላለ ብቻ አይድረግ። የቮልስ ክሩስኮት የተቀባ ብረት ነው፤ ውበቱም እሱ ነው። እንጨት የሚያምርበት ቦታ የማርሽ እጀታና በመኪናው ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ርብራብ ነው፤ እዚያም ቢሆን ቫርኒሹ ሁለቱንም ገጽ ካልሸፈነ በርጥበቱ ያብጣል።

ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ ሆኖ የመጀመሪያውን አሮጌ መኪና ለሚገዛ፦ ክብ መብራት ያላት ላዳ። ሰው ቢስቅም ይስቅ። መካኒክነት ለሚማር ወጣት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

መካከለኛ በጀት ላለውና ቤተሰቡ ለሚወዳት፦ ከ1967 በኋላ የተሠራች ቮልስ፣ ወለሏ ጤነኛ ከሆነ። ለሠርግ ማከራየት ለሚያስብም ክሬም ቮልስ ወይም ኒኬሉ የተሟላ 404 ይበጃል፤ ሙሽራ የሚፈልገው ፎቶ ላይ የሚያበራ ነገር ነው። የ404 ሰፊ የኋላ ወንበር ለቀሚስ ይመቻል፣ የቮልስ አይመችም።

ወደ አጋሮ ወይም ወደ ቦንጋ አቅጣጫ እርሻ ላለው፦ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር 40፣ ያለ ክርክር። ከሁለቱ ሻንሲው ጤነኛ የሆነውን ይግዙ፤ ስሙን አይምረጡ።

በየቀኑ በከተማ ለሚነዳና ልጆች ለሚያመላልስ፦ ማርቸዲስ 123 ወይም 504። ሌሎቹ የወንበር ቀበቶ ላይኖራቸው ይችላል፤ ቮልስና ፊያት 600 ደግሞ የነዳጅ ጋናቸው ከፊት ነው። ይህን እያወቁ ልጅ ከፊት አያስቀምጡ።

በጀቱ ሰፊ ለሆነ፦ ክንፋሙን ይግዙ፣ ግን አንድ አይበቃም። ሁለተኛ የማይሄድ አንድ መኪና ለጌጡ ብለው ይፈልጉ፤ የአንዱን መብራት፣ የአንዱን እጀታ፣ የአንዱን መስታወት እየወሰዱ አንዱን ያኖራሉ። ከውጭ ለሚመለስ ዘመድ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ የልጅነቱ መኪና የቱ እንደነበረ ይጠይቁት፤ ከዚያ ሌላ መልክ አያጽናናውም።

የትኛውንም ቢመርጡ ቀብድ የሚከፍሉት ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ይሁን። ያኔ ምንጣፉን ያንሡ፣ የሻንጣውን ወለል በእጅዎ ይንኩ፣ የበሩን ሥር ጠርዝ ይጫኑ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ሻጩ «ከሰዓት ይምጡ፣ እስከዚያ አሳጥበዋለሁ» ካለዎት፣ ሳይታጠብ በፊት ይሂዱ።